የተካፈለው መስታወት

ጥርሴን እየቦረሽኩ በመስኮት የሰማሁት ወሬ ነው የዚያን ቀን ያስሮጠኝ። አክስቴ የሺመቤት ግቢው ውስጥ ቆማ፣ ስልኳን በስፒከር ከፍታ፣ ወልቂጤ በሙሉ እስኪሰማ ትጮኻለች፤ የሚደወልለት ሰው በራቀ ቁጥር ድምፅም ከፍ ማለት አለበት ብላ ነው የምታምነው። «መስታወቱስ? እየሠራ ነው?» አለች። ከእምድብር የልጇ አማት የወይዘሮ እሌኒ ድምፅ መለሰ፤ «እንዴታ! ከሰል ከማንደድ ተገላገልን። የምንጩን ውኃ ከመስታወቱ ጋር ፀሐይ ላይ እናውለዋለን፤ ማታ የሕፃኑን ወተት እንበጠብጥበታለን። ብቻ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትንሽ ያስቀምጠዋል።» አክስቴ «ጥርስ ይሆናላ» አለች። ወይዘሮ እሌኒም «ጥርስ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አሉ። ሕፃኑ በተወለደ በሠላሳ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

የአፌን አረፋ ሳልተፋ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ጎትቼ መስታወቶቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ ቁጥራቸውን አነበብኩ። ሰ-1፣ ሰ-2፣ ሰ-3፣ ከዚያ ሰ-5። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። ከአሥራ አንድ መስታወት መካከል አክስቴ ያነሣችው ያንን ነው። ለምን እሱን እንደመረጠች ይገባኛል፤ ሲያዘነብሉት እንደ ቀስተ ደመና ወይን ጠጅና አረንጓዴ የሚል፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያምር እሱ ነበር።

ሥራዬ ሲያወሩት ቀላል ነው። የቲታኒየም ውሕድ አልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ ሳሙና የሚመስል ነገር ይጨመርበታል፤ ንጹሕ መስታወት ይነከርበትና በሞተር ቀስ ተብሎ ይወጣል። መስታወቱ ላይ ከፀጉር መቶ ጊዜ የሚቀጥን ልባስ ይቀራል። ከዚያ ምድጃ ይገባል፤ ሙቀቱ በደቂቃ አንድ ዲግሪ እየጨመረ እስከ አራት መቶ ሃምሳ ይወጣል። ሳሙናው ተቃጥሎ ሲሄድ በቦታው ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይተዋል። የመዳፍ ስፋት ያለው መስታወት ቀዳዳው ሁሉ ቢዘረጋ አንድ ፍራሽ ያክላል። ፀሐይ ሲመታው ቀዳዳው ውስጥ የገባውን መርዝ ይሰባብራል። ጫት ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ እኔም ሁለት ዓመት የደከምኩት እሱን ለመስበር ነው። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ይሳካል። ጀርም ይግደል አይግደል ግን አንድም ቀን ሞክሬ አላውቅም።

ሰ-4 ደግሞ ከነጭራሹ ያልተሳካው ነው። ምድጃው ሁለት መቶ አሥር ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ግማሹ እንደበሰለ ዳቦ ሆኖ ቀረ፤ መርዝ ይጠጣል፣ መስበር ግን አይችልም። መምህሬ ዶክተር ምንተስኖት «እስኪ ምን ያህል እንደሚጠጣ እንየው» ስላለኝ ጨለማ ውስጥ በፀረ ተባይ ውኃ ነክሬ አሳደርኩት። ከሁሉም አስበልጦ ጠጣ። ቁጥራቸውን ተረጋግቼ ልመዝግብ ብዬ ካርቶኑን ወደ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥጉ ላይ «መርዝ» ብሎ መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እኔ ግን ለራሴ ብቻ የሚገባኝን ሰ-4 ጽፌ ተውኩት።

ይባስ ብሎ ወሬውን የዘራሁትም እኔው ነኝ። ለመስቀል ዘመድ ከአዲስ አበባ ከየቦታው ተሰብስቦ ክትፎ ሲበላ፣ አንዱ አጎቴ «ይቺ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አታገባም፣ ሥራ አትይዝም፣ ምንድን ነው የምትማረው?» ብሎ በሰው ፊት ጠየቀ። ያን ጊዜ «ገና ሙከራ ነው» ማለት ሞት መሰለኝና «ውኃ የሚያጣራ መስታወት እሠራለሁ» አልኩ። ወዲያው ቦታ ተለቀቀልኝ፤ ከወንዶቹ ጎን አስቀመጡኝ። አክስቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ አንገቷን ቀና አድርጋ መሄድ ጀመረች። ውሸት ነው አልልም፤ ግን እውነትም አልነበረም፣ እኔም አውቀው ነበር።

ወደ ግቢው ወጥቼ «እትዬ፣ ያ መስታወት መርዝ ነው» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። የልጇ የግሩም ሚስት ናዝሬት እናቷ ቤት እምድብር ነው የታረሰችው፤ አክስቴ ከስምንት ቀን በፊት አራስ ጥየቃ ስትሄድ ቅቤና ቡላ ይዛ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ደግሞ የእኔን መስታወት ይዛ ሄዳለች። «ባዶ እጄን አልሄድኩም፣ የቤታችንን ሙያ ነው የያዝኩት» አለች። ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳት። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ሄደ፤ ስልኳን ያዘች፣ መልሳ ተወችው። ነጠላዋን ሳትለብስ ከግቢ ስትወጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ተከትዬ ወሰድኩላት።

መናኸሪያው ውስጥ የእምድብር ሚኒባስ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል፤ ሁለት ሰው ሲገባ ደግሞ ሦስት ሰው ይጎድለዋል። ናዝሬት ጋ ደወልኩ፤ አይሠራም። ወይዘሮ እሌኒ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አያነሡም። በስልኬ ማስያ ማስላት ጀመርኩ። መስታወቱ የጠጣው መርዝ ይህን ያህል፣ ጄሪካን ቢሆን ሃያ ሊትር፣ ስምንት ቀን። ውጤቱ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ለትልቅ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ከዚያ ለአራት ኪሎ ሕፃን አካፈልኩት። ማካፈሉን አምስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በአምስተኛው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያልፈላው የምንጭ ውኃ ታሰበኝ። አተት ገብቷል እየተባለ በየቀበሌው በማይክራፎን ይለፈፍ የነበረበት ወር ነበር።

አክስቴ የጉብርዬን ከተማ እስክናልፍ አልተናገረችም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እሷ የማታውቀውን ሹክሹክታ እየሞከረች፣ «ማዕዶት፣ መርዝ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ» አለች። «መስታወቱን ሌላ የተሻለ ልናመጣ ነው ብለን እንወስደዋለን። ሕፃኑን ክሊኒክ እናደርሰዋለን። አለቀ።» «ሐኪሙ ምን እንደጠጣ ካላወቀስ?» አልኳት። «አማት ልጃቸውን መረዘች ይሉኛል። የግሩም ትዳር በቃ ፈረሰ። እሌኒን አታውቂያትም» አለች። ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅኩትን ጨመረች፤ «ከሁለት ዓመትሽ ጀምሮ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ጠይቄሽ አላውቅም።» እውነቷን ነው፤ ጠይቃኝ አታውቅም። መንገዱ ዳር ያለውን እንሰት እያየሁ ነበር፤ ስለ ሕፃኑ ነው እፈራ የነበረው ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ስለ ራሴም ፈርቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው ቢሰማ፣ ዶክተር ምንተስኖት ቢሰማ፣ ያ አጎቴ ቢሰማ እያልኩ ነበር።

ወይዘሮ እሌኒ ቤት ስንደርስ ስልካቸው ለምን እንደማይነሣ ገባን፤ ጓዳ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው፣ እሳቸው ደጅ ናቸው። «ውይ፣ ሳትነግሩን!» ብለው ሊስሙን ሲመጡ እኔ በጎን አልፌ ገባሁ። ናዝሬት አልጋው ጫፍ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ አያለቅስም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ዓይኑ ገብቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ አናቱ ላይ እርግብግቢቱ ጎድጉዶ የቡና ስኒ ሥር መስሏል። «ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ነው» አለችኝ ናዝሬት፣ ድምፅዋ እንደሌላ ሰው ሆኖ። ክርስትና ሊነሣ ሰባት ቀን ይቀረዋል፤ እናቷ ረፋዱ ላይ ሳይጠመቅ እንዳይሞት ቄስ እንጥራ ማለት ጀምረው እሷ ተቆጥታ አስቁማቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ግቢው ውስጥ ቢጫ ጄሪካን ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሄጄ አፉን ከፍቼ አየሁ። ታች ላይ የተቀመጠው መስታወት አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ነው።

«የቀረውስ?» አልኩ። ወይዘሮ እሌኒ ፈገግ አሉ፤ በራሳቸው የመኩራት ፈገግታ ነበር። «እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ ይያዛል እንዴ የኔ ልጅ? ጎረቤት እያየ? መስኮት የሚሠራው ልጅ በመቁረጫው ስድስት ቦታ እኩል እኩል አድርጎ ከፈለልን። አምስቱን ልጅ ላለበት ቤት ሰጠን።» አክስቴ በሩ ላይ ተደገፈች። እኔ ለአንድ መስታወት ነበር የመጣሁት።

ክሊኒኩ በእግር ሰባት ደቂቃ ነው፤ እየሮጥን ሄድን። ነርሷ ሲስተር ፈቲሀ የሚሏት ሴት ነበረች፤ ሕፃኑን ከናዝሬት ተቀብላ ሆዱን ቆንጠጥ አደረገች፣ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። «ምን ትሰጡታላችሁ?» «የእኔ ወተት ጡቴን ካመመኝ ወዲህ አልበቃው አለ፤ የዱቄት ወተት ነው» አለች ናዝሬት። «ውኃውን አፍልታችሁ?» ናዝሬት እናቷን አየች። ከዚያ ወይዘሮ እሌኒ «ከሚፈላው የበለጠ ነው፤ በመስታወት የተጣራ ነው፣ የእሷ ሥራ ነው» ብለው በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ሲስተር ፈቲሀ ቀና ብላ አየችኝ። አክስቴ ከኋላዬ ክንዴን ይዛለች፤ ጣቶቿ እየጠበቁ መጡ።  ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ ሕፃኑ እንደ ድመት ግልገል አንዴ ሲጢጥ አለ፣ እሱ ነው ያስለፈለፈኝ።

«አያጣራም» አልኩ። «ውኃ አያጣራም፣ ዋሽቼ ነው። ፀረ ተባይ ውስጥ ተነክሮ ያደረ መስታወት ነው። የጫት መድኃኒት።» ወይዘሮ እሌኒ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። የአክስቴ እጅ ከክንዴ ላይ ወደቀ፤ ክንዴ ቀለል ሲለኝ የበለጠ ፈራሁ። ነርሷ ግን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ የስልኳን መብራት አብርታ የሕፃኑን ዓይን ከፈተች። ምራቁ ይዝረከረክ እንደሆነ፣ ያልበው እንደሆነ፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ እንደሆነ እየጠየቀች መለከተችው።  «የመድኃኒቱ ምልክት አይታይበትም» አለች በመጨረሻ። «ይህ የቆሸሸ ውኃ ነው። ደግነቱ አሁን ነገርሽኝ፤ ማታም እያየነው እናቆየዋለን።» ኦአርኤሱን በጠብታ፣ በየሁለት ደቂቃው፣ በሲሪንጅ መስጠት ጀመረች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልሸና ወደ ወልቂጤ ሆስፒታል ነው» ብላ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሦስት ሰዓት ግድም እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ሴቶች ተደርድረን ተቀመጥን፤ በእኔና በአክስቴ መካከል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ግድግዳው ላይ እጅ ስለ መታጠብ የሚያስተምር ሥዕል አለ። ወይዘሮ እሌኒ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ መለየት አልቻልኩም። ናዝሬት ሲሪንጁን ከነርሷ ተቀብላ ራሷ ታጠጣዋለች፤ አንዴ ሳትዞር፣ ልጇን እያየች፣ «እኔ እኮ ላፈላለት ነበር» አለች። «የመጀመሪያ ቀን ላፈላ ከሰል አቀጣጥዬ ነበር። ከዚያ ማዕዶት የተማረች ናት፣ እኔ ምን አውቄ ነው ብዬ እሳቱን አጠፋሁት።»  ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ናዝሬት «ረጠብኩ» አለች። ሁላችንም ዘለን ተነሣን። ቀሚሷ ጭኗ ላይ ትንሽ ጠቁሯል። ወይዘሮ እሌኒ እዚያው ተንበርክከው እልል አሉ፤ አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ሲስተር ፈቲሀ ግን እልልታው ሳያልቅ ወደ እኔ ዞራ «ሌሎቹ አምስት ቤቶችስ?» አለችኝ። እፎይታዬ አንድ ደቂቃ እንኳን አልሞላም።

ወይዘሮ እሌኒ የጠቆሙኝን ቤቶች ማንኳኳት ጀመርኩ። አክስቴ ከኋላዬ ሦስት እርምጃ ርቃ ትከተለኛለች። የመጀመሪያው ቤት ቁራጩን ውኃ ውስጥ አላስገቡትም ነበር፤ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰክተውታል። ሁለተኛው ቤት ሁለት ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ተኝተዋል፤ ወደ ክሊኒክ ላክናቸው። ሦስተኛው ቤት ሴትየዋ ቁራጩን በጡቷ ሥር ደብቃ «ሰጥታችሁ ትቀማላችሁ? ልትሸጡት ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ሠርቼ ያበላሸሁት ነገር መሆኑን ሦስት ጊዜ ከነገርኳት በኋላ ወርውራ ሰጠችኝ። «ታዲያ በምን እናፍላ?» አለችኝ በሩን ልትዘጋ ስትል። «አንድ ማዳበሪያ ከሰል አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ነው፤ አንቺ ትገዢልኛለሽ?» ቁራጩን ይዤ ወደሚቀጥለው በር ሄድኩ። አራተኛው ቤት ያለምንም ጥያቄ ሰጡኝ። አምስተኛው የአቶ ፈቃደ ቤት ነው፤ ሚስትየው ግቢ ውስጥ እንሰት ትፍቃለች።

«የእኔን?» አለች እጇን እየጠራረገች። «እኛ እንኳን ልጆቻችን አድገዋል። እህቴ አገና የልጅ ልጅ ታሳድጋለች፣ ለእሷ ላክሁላት። ቅዳሜ በሚኒባስ።» ከቅዳሜ አምስት ቀን አልፏል። ስልኳን ለመንኳት፣ ደወልን። ስልኩ ሁለቴ ተቋረጠ፤ በሦስተኛው አንዲት አሮጊት አነሡ። የአቶ ፈቃደ ሚስት በጉራጊኛ ስለ መስታወቱ ልንነግርዎ ነው ስትል፣ ያቺን «መስታወት» የምትል ቃል እንደሰሙ አሮጊቷ የሠራችው ልጅ አለች ወይ አሉ። አለች፣ አጠገቤ ናት ተባሉ። ወዲያው ምርቃት ጀመሩ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ መመረቅ ከጀመረ አይቋረጥም፤ የቆመ ይቀመጣል፣ እጅ ይዘረጋል፣ አሜን ይባላል። የአቶ ፈቃደ ሚስት አፈር የነካ መዳፏን ዘረጋች። እኔም ሳላውቀው እጄን ዘረጋሁ። አሮጊቷ ዕድሜሽ ይርዘም አሉ፣ አሜን አልን፤ ማኅፀንሽ ይባረክ አሉ፣ አሜን አልን፤ የወለድሽው ይደግ፣ የያዝሽው ይርጋ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ አሉ። ምርቃቱ ጨርሶ የሚያልቅ አይደለም። በእያንዳንዱ አሜን መካከል ከስልኩ ማዶ የልጅ ሳል፣ የጣሳ ድምፅ፣ ውኃ የሚቀዳ ድምፅ ይሰማኛል። ላስቆማቸው አፌን እከፍታለሁ፣ አሜን ብቻ ይወጣል።

ስልኩን ከሴትየዋ እጅ የነጠቀው የአክስቴ እጅ ነው። «እማማ፣ አይመርቁ!» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ ጮኸ። «አይመርቁን። ሰጪዋ እኔ ነኝ፣ የሺመቤት፣ የግሩም እናት። ሰርቄ ነው የሰጠሁት፤ ልጅቷ አታውቅም። የገዛ የልጅ ልጄ ክሊኒክ ተኝቷል። ውኃውን ይድፉት፤ እንስራውንም ጄሪካኑንም ይድፉት፣ ልጁን አሁን ወደ ሐኪም ይውሰዱት።» የአቶ ፈቃደ ሚስት አፏን በእጇ ያዘች፤ ከነገ በፊት እምድብር በሙሉ እንደሚሰማው አክስቴም እኔም አውቀናል።

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ማያውን አየሁ፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። ከዚያ አሮጊቷ፣ ምርቃቱን ሲያወርዱ የነበረው ድምፅ ቀጥኖ፣ «እኔ እኮ ብቻዬን አልያዝኩትም» አሉ። «ለሁለት ከፍዬ ለአማቼ ሰጠሁ። እሷም ለጎረቤቶቿ አካፍላለች መሰለኝ። ማን ማን ቤት እንደደረሰ አላውቅም።»

የአገናው ሚኒባስ አደባባዩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ረዳቱ ሁለት ሰው ይላል። አክስቴ ቀድማ ገባችና ከጎኗ ያለውን ወንበር በእጇ ያዘችልኝ።